ለእንግዳ ማረፊያ ቤት፦ በአሮጌ በር ላይ ባለ ኮድ ቁልፍ ያስገጠመ አለ? (ባሕር ዳር)

ሽምብጥ_ማረፊያ
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ሽምብጥ አካባቢ የቤተሰብ ቤት አለን። ሦስቱን ክፍል ለእንግዳ እናከራያለን። የሚመጣው ሰው ለሠርግ፣ ለስብሰባ፣ ለገዳም ጉብኝት ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ የቁልፍ ነገር ግን አቃጠለን። አንዱ ኪሱ ከትቶት አዲስ አበባ ይገባል። ሌላው ጢስ ዓባይ ውሎ አምሽቶ ይመጣል፣ እናቴ ቁልፍ ይዛ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ቅጂ ስናስቀርጽ ኖረን አሁን ማን ጋ ምን እንደቀረ አናውቅም።

በሮቹ አሮጌ ናቸው። ዋናው መግቢያ የብረት ኤልቲዜድ ነው፣ ከላይ መስታወት አለው። ሁለቱ መኝታ ቤቶች የዋንዛ በር ናቸው። አባቴ በደርግ ጊዜ ያሠራቸው ናቸው፣ ያ ትልቁ ባለ ጥርስ ቁልፍ ነው ያላቸው። ሦስተኛው ኮምፔንሳቶ ነው። የግቢው በር ላሜራ። የዋንዛዎቹን መቀየር እናቴ ጨርሶ አትሰማም፣ እኔም አልፈልግም።

በሩን ሳንቀይር በኮድ የሚከፈት ማስገጠም ይቻላል? መብራት ሲጠፋስ? ኔት ሲጠፋስ? ያስገጠማችሁ እስቲ ንገሩኝ።

አናጢ_ከፋሲሎ
ይቻላል እህቴ። ግን ቁልፉን ከመግዛትሽ በፊት በሩን እይው። እኔ በዚህ ሥራ ሸምግያለሁ። «ቁልፉ ተበላሸ» ተብዬ ከሄድኩባቸው ቤቶች በብዙዎቹ የተበላሸው በሩ ነው። የዋንዛ በር ከባድ ነው። የላይኛው ማጠፊያ በጊዜ ብዛት ይላላል፣ በሩም በእጀታው በኩል ዝቅ ይላል። የቤቱ ሰው ሳይታወቀው ይለምደዋል። በትከሻው ገፋ ያደርጋል፣ በእጀታው ወደ ላይ ያነሳል፣ ከዚያ ይቆልፋል። ይህን ዘዴ እናትሽ ታውቀዋለች። እንግዳው አያውቀውም። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሞተርማ ጭራሽ!

እንዲህ አድርጊ። ጠመኔ ያዢ። በሩ ክፍት እያለ ቁልፉን አዙሪና ምላሱን አውጪው፣ ጫፉንና ሆዱን በጠመኔ ቀቢው። መልሰሽ አስገቢው። በሩን ዝጊ፣ ቆልፊ፣ ክፈቺ። አሁን መቃኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ያላትን ላሜራ ተመልከቺ። ጠመኔው በቀዳዳው የታች ጠርዝ ላይ ከታተመ በሩ ወርዷል። በጎኑ ላይ ከታተመ ወይ በሩ ተጣሟል፣ ወይ መቃኑ ተገፍቷል። የትም ሳይነካ ከገባ እሰየው።

የወረደ ከሆነ ላሜራውን ከመሞረድሽ በፊት ወደ ላይኛው ማጠፊያ ሂጂ። ብሎኖቹ ቦታቸው ላይ በባዶ የሚዞሩ ከሆነ አውጥተሽ ቀዳዳውን በእንጨት ስንጣሪና በኮላ ሙይው። አድሮ ይድረቅ። ከዚያ ረዘም ያለ ብሎን አስገቢ። ብዙ በር በዚህ ብቻ ይነሳል። ትንሽ ከቀረው ያን ጊዜ ሞርጂው።

አንድ ነገር አደራ። በክረምት ያበጠ በር እንዳታስልጊ። ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ከሐምሌ እስከ መስከረም እርጥበት ይጠጣል፣ በሩ መቃኑን ይነክሳል። ያን ጊዜ የላግሽው በበጋ ክፍተት ሆኖ ይቀራል። ይልቅ የበሩን የላይና የታች ጠርዝ አስቀቢ። ፊቱን ሁሉም ይቀባዋል፣ ጠርዙን የሚያስታውሰው የለም። ውሃ የሚገባው ግን በዚያ ነው።

ፖሊ_ኤሌክትሮኒክስ
ጋሼ የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ የዕቃውን ጎን ልጨምር።

«ባለ ኮድ ቁልፍ» ሲባል በአንድ ስም የሚጠሩ በጣም የተለያዩ ነገሮች አሉ። ለአሮጌ በር ዋናው ጥያቄ አንድ ነው። ምላሱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ነው ወይስ የሰው እጅ? አንዳንዱ ሞተሩ ራሱ ወፍራሙን ምላስ ይገፋል። ስልክህን ተጭነህ ጠቅ ሲል ደስ ይላል። በሩ ትንሽ ከተጣመመ ግን ሞተሩ ይታገላል፣ ባትሪ ይበላል፣ መጨረሻ ላይ መሃል መንገድ ይቆማል። ሌላው ዓይነት ሞተሩ የሚሠራው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነው፣ እጀታውን ከምላሱ ጋር ማያያዝ። ኮዱ ትክክል ከሆነ ይያያዛል፣ ከዚያ አንቺ በእጅሽ እጀታውን ትጫኛለሽ። ካልሆነ እጀታው በባዶ ይወዛወዛል። ለዋንዛ በር ይህኛው ነው የሚሻለው። ጉልበቱ ከሰው ነው፣ ባትሪው የሚከፍለው ለማያያዙ ብቻ ነው።

ለኤልቲዜዱ ሌላ ነገር አለ። ፍሬሙ ጠባብ ነው። ከበሩ ጠርዝ እስከ ቁልፍ ቀዳዳው መሃል ያለውን ርቀት ለኪ። የእንጨት በር ላይ ብዙ ጊዜ ከ 45 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የብረት ፍሬም ላይ ከ 25 እስከ 35 ነው። ለእንጨት የተሠራ ቁልፍ ገዝተሽ ብትመጪ ብረቱ ውስጥ አይገባም፣ ሻጩም አይመልስልሽም። እዚያ በር ላይ ሲሊንደር ካለ (ያ ከታች ሞላላ፣ ከላይ ክብ የሆነው ቀዳዳ) ሙሉ ቁልፉን መንካት አያስፈልግም። ሲሊንደሩን ብቻ አውጥቶ በኮድ ወይም በአሻራ በሚሠራ ሲሊንደር መተካት ይቻላል። የሚይዘው በበሩ ጠርዝ በኩል የሚገባ አንድ ረጅም ብሎን ነው። ካቻቢቴ ይበቃል፣ ትራፓኖም ብየዳም የለም።

ሲሊንደር ስትለኪ ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል ወደ ውጭ፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ውስጥ ለየብቻ ለኪ። ሁለቱ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። 30 በ 35 የሆነውን ደምረሽ «65 ስጡኝ» ብትይ ሌላ ነገር ይሰጡሻል። ደግሞ በውጭ በኩል ብዙ ወጥቶ የሚቆም ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል። ከሽፋኑ ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው።

የሐይቅ_ዳር_እንግዳ
እኔ ሦስተኛ ዓመቴን ነው በኮድ ስሠራ። ለመብራቱ አትጨነቂ፣ በባትሪ ነው። አብዛኛው አራት ባለ 1.5 ቮልት አልካላይን ይወስዳል፣ በድምሩ 6 ቮልት። ሁለት ነገር ግን ልብ በይ። በርካሽ የሚሸጠውን ባትሪ አትክተቺ። ያፈሳል፣ ሲያፈስ ውስጡን ይበላዋል። ቻርጅ የሚደረገውንም ተይው። እሱ 1.2 ቮልት ነው፣ አራቱ 4.8 ይሆኑና ቁልፉ ገና ከመጀመሪያው «ባትሪ አልቋል» እያለ ይጮሃል።

ስትገዢ ውጭ በኩል የድንገተኛ ኃይል መስጫ እንዳለው እይ። አንዳንዱ ባለ 9 ቮልቷን አራት ማዕዘን ባትሪ ያስነካሉ፣ አንዳንዱ የስልክ ገመድ የሚሰካበት አለው፣ ፓወር ባንክ ይበቃል። እና የብረት ቁልፍ ቀዳዳ ያለውን ምረጪ። ያንን ቁልፍ ደግሞ ቤቱ ውስጥ እንዳትሰቅይው። ጎረቤት ጋ ይቀመጥ።

ኔትን በተመለከተ እዚህ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ብዙ ማለት አያስፈልግም። በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ አትግዢ። በቃ።

ቀልደኛው_ባጃጅ
ወገን፣ ይሄ ሁሉ ከምን ይመጣል? ግድግዳ ላይ የምትታሰር ባለ ቁጥር ትንሽ ሳጥን አለች። ቁልፉን እዚያ ውስጥ ትከቻለሽ፣ ለእንግዳው ቁጥሩን ትነግሪያለሽ። አበቃ። ባትሪ የለ፣ አፕ የለ።

ሽምብጥ_ማረፊያ
@ቀልደኛው_ባጃጅ አስቤው ነበር። ግን ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የሚሄደው ሰውዬ ሳጥኑ ውስጥ ይመልሰዋል ብለህ ነው?

ቀልደኛው_ባጃጅ
😂 እሱስ ልክ ነሽ።

የሐይቅ_ዳር_እንግዳ
ሳጥኗ ግን መጥፎ አይደለችም። የመጠባበቂያውን ቁልፍ ለማስቀመጥ እኔም አለችኝ። ከመንገድ እንዳትታይ ብቻ።

ፖሊ_ኤሌክትሮኒክስ
ስለ ኔት ትንሽ ላብራራ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ብሉቱዝ ካላቸው ቁልፎች ውስጥ ለእንግዳ የሚመቸው፣ ጊዜ ያለው ኮድ የሚሰጠው ነው። ኮዱን የሚያወጣው ያንቺ ስልክ ላይ ያለው አፕ ነው፣ ለዚያ ስልክሽ ኔት ይፈልጋል። በሩ ግን ኔት አይፈልግም። ቁልፉ ውስጥ ሰዓት አለ፣ ከአፑ ጋር የሚጋራው ምስጢራዊ ስሌት አለ። ቁጥሩ ሲመታ ራሱ አስልቶ «ይህ ከዛሬ እስከ ነገ የሚሠራ ነው» ብሎ ይለያል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሆነሽ ኮድ አውጥተሽ፣ ባሕር ዳር ኔት ባይኖር እንኳ በስልክ ደውለሽ መንገር ትችያለሽ።

የአንቺም ኔት የጠፋ ቀንስ? ከመግዛትሽ በፊት ሻጩን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «ያለ ስልክ፣ እዚያው ቁጥሮቹ ላይ በማስተር ኮድ አዲስ ኮድ ማስገባት ይቻላል?» አይቻልም ካለሽ ተይው።

የውስጡ ሰዓት ነገር ግን አደራ። ባትሪ ስትቀይሪ ሰዓቱ ሊዛባ ይችላል። ያን ጊዜ ትክክለኛ ኮድ ሁሉ አይሠራም። ባትሪ በተቀየረ ቁጥር በሩ አጠገብ ቆመሽ በብሉቱዝ ሰዓቱን አስተካክይ። ደግሞ የአንዳንዶቹ ኮድ በተሰጠ በ 24 ሰዓት ውስጥ አንዴ ካልተመታ ይሰረዛል። ቀድመሽ የምትልኪ ከሆነ መመሪያውን አንብቢ።

ቅዳሴ_ደራሽ
ሰዓት ካነሳችሁ አንድ ነገር ልበል። ጎረቤታችን ያለ ማረፊያ ላይ የሆነ ነው። እንግዳዋ «ጠዋት 4 ሰዓት እወጣለሁ» አለች። አፑ ላይ 4:00 ተብሎ ተሞላ። አፑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ለእሱ 4:00 የእኛ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ሴትየዋ ሌሊት 9 ተኩል ላይ ለቅዳሴ ጊዮርጊስ ሄደች። ስትመለስ በሩ አላውቅሽም አላት። ነጠላዋን ተከናንባ ደጅ ተቀምጣ ነው የነጋላት፣ ሻንጣዋ ክፍሉ ውስጥ ቀርቶ።

ለጠዋት 4 ሰዓት 10:00 ነው የሚሞላው። ከሰዓት 8 ሰዓት ለሚገባ 14:00። በ 24 የሚቆጥር አፕ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጠዋትና ማታ አይምታታም።

ቀኑም እንደዚያው። የአገር ቤት እንግዳ «እስከ ጥር 12» ይልሻል፣ አፑ ጃንዋሪ 20 ነው የሚፈልገው። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት ደግሞ ጃንዋሪ 21 ይሆናል። ለጥምቀት ከተማው ሲሞላ ከዚህ የበለጠ ራስ ምታት የለም።

የሐይቅ_ዳር_እንግዳ
እኔ ሁልጊዜ የሁለት ሰዓት ትርፍ እጨምራለሁ። ክፍል የሚያጸዳው ልጅ እስኪገባ ምን ቸገረኝ። ለእንግዳው ስጽፍም ሁለቱንም እጽፋለሁ፣ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በፈረንጅ 10:00»። የውጭ ሰውም የእኛም ሰው ይገባዋል።

ሽምብጥ_ማረፊያ
ተባረኩ። ጠመኔውን ሞከርኩት ጋሼ። አንደኛው የዋንዛ በር የትም አልነካም። ሁለተኛው የታች ጠርዙን ነጭ አደረገው፣ እናቴ ለካ ሁልጊዜ ከፍ አድርጋ ነው የምትቆልፈው! እኔ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። የላይኛው ማጠፊያ ሁለት ብሎን ላልቷል።

የኤልቲዜዱ ከጠርዝ እስከ መሃል 30 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሲሊንደር አለው። የዋንዛዎቹ ግን ሲሊንደር የላቸውም። ያ ድሮ የሚሠራበት ትልቅ ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።

አናጢ_ከፋሲሎ
ጎሽ። ለሁለተኛው በር መጀመሪያ ስንጣሪና ኮላ፣ እንዳልኩሽ።

ስለ አሮጌው ቀዳዳ አትፍሪ። እነዚህ ባለ እጀታ ቁልፎች ረጅም ሽፋን አላቸው፣ ከላይ ቁጥሮቹ፣ ከታች እጀታው። አሮጌውን ቀዳዳ ከእጀታው ቀዳዳ ጋር አብሮ የሚሸፍን መጠን ምረጪ። ከላይኛው ቀዳዳ አናት እስከ ታችኛው ቀዳዳ ግርጌ ለክተሽ ሽፋኑ ከዚያ ይብለጥ። ውስጥ ያለው የድሮ ቁልፍ ሳጥን ግን መውጣት አለበት። አዲሱ ሳጥን ብዙ ጊዜ ቀጠን ይላል፣ ስለዚህ የድሮው ጉድጓድ ይሰፋበታል። ጉድጓዱን በደረቅ እንጨት ቁራጭና በኮላ ሞልቶ፣ አድርቆ፣ በመሮ እንደ አዲስ መክፈት ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚወትፍ አናጢ ካጋጠመሽ አሰናብቺው። ሲደርቅ ይሸሻል፣ ቁልፉ ይንቀጠቀጣል። የዋንዛ ፍላጭ ከማንም አናጢ ደጅ አይጠፋም።

ለኮምፔንሳቶው ተጠንቀቂ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው፣ እንጨት ያለው ጠርዙና ቁልፉ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። አንኳኪው። ድምፁ ከተቀየረበት መስመር ውጪ ብሎን አይይዝም። ያልያዘው ደግሞ በጉልበት ሲጠብቅ ሁለቱን ፊት አጣብቆ ይሰረጉደዋል።

ጠያቂ_ዘመድ
ከደኅንነት አንጻርስ? ቁጥር አራት ነው፣ ማንም ሞክሮ አይከፍተውም?

ፖሊ_ኤሌክትሮኒክስ
ባለ አራት አሃዝ 10,000 ዓይነት ነው፣ ደህናው ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ከተሳሳትክ ለደቂቃዎች ይዘጋል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ኮድ ለዓመት ሲኖር ነው። አራቱ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ፣ ቅባት ይይዛሉ። የትኞቹ አራት እንደሆኑ ካወቅክ የቀረህ 24 አደራደር ብቻ ነው። ለየእንግዳው የሚለያይ ኮድ ከሆነ ሁሉም ቁጥር እኩል ይነካል። በልደት ዓመት ወይም በግቢው ቁጥር ኮድ መስጠት ደግሞ ይቅርባችሁ።

ባትሪ ጨርሶ የሌለው፣ በምንጭ ብቻ የሚሠራ ባለ አዝራርም አለ። እወደዋለሁ፣ አይሞትም። ግን በብዙዎቹ ተራው አይጠየቅም፣ የተመረጡት አዝራሮች መጫናቸው ብቻ ነው የሚፈለገው። ከ 10 አዝራር 5 ቢመረጥ 252 ዓይነት ብቻ ነው የሚወጣው። ኮዱን ለመቀየር ደግሞ ቁልፉ ከበሩ ይፈታል። በየሦስት ቀኑ እንግዳ ለሚቀየርበት ክፍል አይሆንም። ለዕቃ ቤት ወይም ለጋራ ሻወር ቤት ግን ጥሩ ነው።

አንድ ግዴታ አለ። ከውስጥ ያለ ኮድ፣ ያለ ቁልፍ፣ በአንድ እጅ መከፈት አለበት። እሳት ቢነሳ እንግዳው ቁጥር ሊያስታውስ አይገባም።

የሐይቅ_ዳር_እንግዳ
በአሻራም አትድከሚ። ለአንቺና ለእናትሽ ይሁን፣ ለሁለት ሌሊት እንግዳ አሻራ መስጠት አይመቸውም። የትልልቅ ሰዎች ጣት ደግሞ በሥራ ስለሚለሰልስ ብዙ ጊዜ አያነብም። ለእናትሽ ካርድ ወይም የራሷ ኮድ ይቅለላት።

ደግሞ ኮድ ስላለሽ እንግዳ መቀበል ቀረ ማለት አይደለም። መታወቂያ አይቶ መመዝገብ እንዳለ ነው። እኔ ጋ የግቢውን በር ሰው ይከፍታል፣ መታወቂያውን ያያል፣ የክፍሉን ኮድ ያኔ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ እንግዳው ራሱን ችሏል።

ቀልደኛው_ባጃጅ
የላሜራውን የግቢ በርስ? ዝናብ ሲመታው ይሄ ሁሉ ቁጥር ምናምን አይበሰብስም?

ፖሊ_ኤሌክትሮኒክስ
ጥሩ ጥያቄ ነው። ለቤት ውስጥ የተሠራ ከሆነ ይበሰብሳል። ለውጭ በር አይፒ65 የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ፣ አቧራም የውሃ ግፊትም የቻለ ማለት ነው። ቢሆንም ከላዩ በላሜራ ትንሽ ጥላ አስበይዱ። ብየዳው ግን ቁልፉ ከመገጠሙ በፊት ይሁን። ተገጥሞ ሳለ ከተበየደ ሰርኪዩቱ ሊቃጠል ይችላል። በማግኔት ብቻ የሚይዘውን ዓይነት ለግቢ አታስቡት፣ መብራት ሲጠፋ በሩ ይለቃል።

እኔ ብሆን ግን ግቢውን ባለበት እተወዋለሁ።

ሽምብጥ_ማረፊያ
እኔም ወደዚያው ነኝ። ግቢው እንዳለ ይቀጥላል፣ እናቴም እንግዳውን አይታ ማስገባት ትወዳለች። ለኤልቲዜዱ ባለ ኮድ ሲሊንደር፣ ለሁለቱ ዋንዛ ባለ እጀታ፣ ኮምፔንሳቶውን ለጊዜው ተውኩት። ዘመድ ከዱባይ ስለሚመጣ እሱ ነው የሚያመጣልኝ። ከማዘዜ በፊት የረሳሁት መጠን አለ?

አናጢ_ከፋሲሎ
የበሩን ውፍረት። ብዙዎቹ ከ 35 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ላለ በር ነው የሚሠሩት። የድሮ ዋንዛ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል፣ ከበለጠ ረጅም ብሎንና ረጅም የእጀታ ዘንግ አብሮ ይምጣ። ሁለተኛ፣ በሩ በግራ ነው በቀኝ የሚከፈተው? ፎቶ አንስተሽ ላኪለት። አንዳንዱ እጀታ ይገለበጣል፣ አንዳንዱ አይገለበጥም።

ፖሊ_ኤሌክትሮኒክስ
መቃኑ ላይ የሚገባው ላሜራም አብሮ መኖሩን ይጠይቅ። እሷ ብቻ ቀርታ ሁለት ወር የጠበቀ ሰው አውቃለሁ።

ሽምብጥ_ማረፊያ
ለካሁ፣ 48 ሚሊ ሜትር። ሁለቱም ወደ ውስጥ በቀኝ ነው የሚከፈቱት። ፎቶውን ልኬለታለሁ። ጋሼ፣ ዕቃው ሲመጣ መሮዎን ይዘው ይመጣሉ?

አናጢ_ከፋሲሎ
ቅዳሜ ካልሆነ እመጣለሁ። ቅዳሜ ገበያ ነኝ። የላላውን ማጠፊያ ግን ከአሁኑ ሙይው፣ ኮላው ይድረቅ።